ፍል ውሃው ያወጣው ሕመም

መጀመሪያ የከዳችኝ ቀኝ እጄ ናት።

አሰላ እህል በረንዳ ስንዴ እየገዛሁ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ ሥራውን ከእናቴ ነው የወረስኩት። ገበሬ የማዳበሪያ ጆንያውን ፈትቶ ሲያቆምልኝ እጄን እስከ ክርኔ እከታለሁ። ከላይ ያለው ፍሬ ሁልጊዜ ያምራል፤ ጉዱ ያለው ከታች ነው። ከታች ሞቅ ካለኝ በደንብ አልደረቀም፣ ዱቄት ዱቄት ካለኝ ነቀዝ ገብቶበታል፣ በጣቶቼ መሀል ሙልጭ ሙልጭ ካለ ዋጋ እንነጋገራለን። በዚያ ጠዋት ከኢተያ የመጣ የቆየ ደንበኛዬ ማዳበሪያ ውስጥ እጄን ከተትኩ። ምንም የለም። ክንዴ ስንዴው ውስጥ መግባቱን በዓይኔ አያለሁ፤ እጄ ግን አየር ነው የጨበጠችው።

አውጥቼ አየኋት። እንደገና ከተትኳት። ሰውዬውን ይሄ ስንዴ ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው ዋጋ ላወርድበት የዘየድኩት ዘዴ መስሎት ሳቀብኝ። እኔም ለማስመሰል አብሬው ሳቅሁ። በግራ እጄ መርምሬ ገዛሁትና ቀኜን ቀሚሴ ላይ ሳሻት ዋልኩ።

ከዚያ በፊት ቤተሰቡን ሁሉ ጉንፋን ጥሎን ነበር። ባለቤቴ ግርማ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከአቦምሳ እህል ጭኖ ሲመለስ እያስነጠሰ መጣና ለሁላችንም አከፋፈለን። ሁላችንም ተነሣን፤ ረሳነው። አሁን የማነሣው በኋላ ሐኪሞች ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ ስለ እሱ ጉንፋን ስለነበር ነው።

ከእጄ ቀጥሎ እግሬ መጣ። ከውስጥ እግሬ የጀመረ መደንዘዝና መወረር ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ። ወገቤ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው በመቀነት ጥብቅ አድርጎ ያሰረኝ ይመስለኝ ጀመር፤ ቀሚሴን ገልጬ ባይ ምንም የለም። ራስ ምታትም ነበረኝ። ከዚያ ደግሞ ሽንቴ እምቢ አለ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ አፈርኩ። አንባቢዬ አንቺም አንተም እንዳታፍሩ ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት፤ ሐኪሙ ቶሎ መስማት ከሚገባው ነገር ዋነኛው እሱ ነበርና።

ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ታይፎይድ ነው ተባልኩ። እኛ ሰፈር ደም የሰጠ ሰው ሁሉ ታይፎይድ ይዞ ነው የሚመለሰው፤ እኔም ተራዬ ደረሰ ብዬ ክኒኔን ይዤ ወደ ቤት።

እዚህ ላይ እቴቴን ላስተዋውቃችሁ። አክስቴ ናቸው፤ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ አሁንም አብረውን ይኖራሉ። ለእቴቴ በዓለም ላይ ያለው በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ ብርድ። ጥርስ ሲያማቸው ብርድ ነው፣ ግርማ ሲያኮርፍ ብርድ ነው። እርግጥ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ተቀምጦ ብርድን አለመጠርጠር ይከብዳል። ዕድሜዬን ሙሉ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ ስነግድ የኖርኩ ሴት እግሬ ሲደነዝዝ ምን ሊሉ ኖሯል?

«ብርዱ አጥንትሽ ውስጥ ገብቷል ልጄ። ይሄን ክኒን አያወጣውም፤ የሚያወጣው ፍል ውሃ ነው» አሉኝ።

በእኛ አካባቢ እግሩን ያመመው ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ፍል ውሃ ይገባል። ሥርዓቱም የታወቀ ነው፤ አንገት ድረስ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ በጋቢ ተጠቅልሎ ማላብ፣ ቀዝቃዛ ነገር አለመንካት። እቴቴ አስገድደው አልወሰዱኝም። እኔም አምኜበት ነው የሄድኩት፤ ገና በልጅነቴ ጉልበቷን ያመማት እናቴ እዚያው ገብታ ቀሏት ስትመለስ አይቻለሁ። ግርማ መኪናውን አቆመና ከጓደኛው ትንሽ መኪና ተውሶ ይዞን ወረደ። ከኢተያ አልፈን ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ የመንገዱ ዳር ሰሌዳዎች ፊደላቸው ይደበዝዝብኝ ጀመር። ድካም ነው አልኩ።

ውሃው ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ያ የታሰረ ወገቤ የላላ መሰለኝ። እቴቴ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ቀይ ሻርፓቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመዋል። ሳየው ሳየው ሻርፑ አመድ መሰለ። ከዚያ የእቴቴ ፊት መሀሉ ጠፋ፤ ጆሯቸውና ሻርፓቸው አለ፣ አፍንጫቸው የለም።

«እቴቴ፣ እንፋሎቱ በዛ» አልኳቸው።

«የምን እንፋሎት? ፀሐይ አይደል እንዴ ያለው?»

ጨለመ። ዓይኔ ክፍት ነው፤ በእጄ ነክቼ አረጋገጥሁ። ክፍት ነው። ግን ምንም አላይም። ልቆም ሞከርኩ። እግር የለኝም። ውሃው አፌ ውስጥ ገባ። ከኋላዬ አንዲት የፍል ውሃው ሠራተኛ «ኮቱ! ኮቱ!» እያለች በኦሮምኛ ሰው ስትጠራ ሰማሁ፤ በብብቴ ይዘው አወጡኝ። ዛፍ ጥላ ሥር አጋደሙኝና ያቺ የፍል ውሃው ሠራተኛ በጋቢ ሳትጠቀልለኝ ፊቴ ላይ ውሃ ረጨችብኝ። እቴቴ ቀዝቃዛ እንዳይነካት ብለው ሊከለክሏት ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ።

ጥላው ሥር ትንሽ እንደቆየሁ የዛፉ ቅጠል ታየኝ። ቀስ እያለ የሰው ፊትም መጣ። እግሬም ተንቀሳቀሰ። አልቅሼ ሳበቃ መሳቅ ጀመርኩ። የሆነው ነገር ምን እንደሆነ የገባው አንድም ሰው አልነበረም፤ ማብራሪያ ግን አልጠፋም። በሽታ ሊወጣ ሲል ይብሳል አሉ ከጎናችን የነበሩ ሰዎች። ብርዱ ተነቅሎ እየወጣ ነው አሉ እቴቴ። እኔስ? እኔም አመንኩ። ጠፍቶ የተመለሰ ዓይን ያየ ሰው ምን የማያምነው አለ?

በማግሥቱ ተመልሼ ገባሁ።

ዓይኔ ጠፋ። እግሬ ጠፋ። አወጡኝ። ጥላ ሥር አጋደሙኝ። ጠበቅን። ዓይኔ ትንሽ ብርሃን መለየት ጀመረ። እግሬ አልተመለሰም።

ግርማ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባኝ። እኔን እስካሁን የሚሰቀጥጠኝ፣ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ መውደቁን ያወቅሁት ሲነግሩኝ መሆኑ ነው።

አሰላ ሆስፒታል ስንደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችን። በመዶሻ ጉልበቴን መታች፣ በመርፌ ጫፍ እግሬን ወጋ ወጋ አደረገች፣ በባትሪ ዓይኔን አየች። ሽንቴ በካቴተር ቱቦ ሲወጣ የነበረውን ብዛት አይታ ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቀችኝ። የራስ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ውጤቱ ሲመጣ ንጹሕ ነው ተባለ። እቴቴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ግን ደነገጥሁ። ንጹሕ? አላይም፣ አልቆምም፤ ታዲያ ንጹሕ የሆነው ምኑ ነው? ሐኪሟ ቪታሚን ሲጎድል ስለሚመጣ የነርቭ ድክመት ማውራት ጀመረች። ወደ ቤት ልትልከኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ፍል ውሃው ማናችንም አልተነፈስንም። ሦስታችንም ሳንነጋገር ተስማምተን ነበር፤ ሐኪም ፊት የባህል ነገር አይነሣም፣ ቁጣ ያመጣል። ሐኪሟ ግን ከመውጣቷ በፊት አንዴ እንደገና ጠየቀች፤ ድንገት የባሰው መቼ ነው፣ ምን ስታደርጉ? ግርማ መሬት መሬት አየ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እቴቴ ከወንበራቸው ተነሡ።

«እኔ ነኝ ያሳወርኳት» አሉ። «ፍል ውሃ ውስጥ የከተትኳት እኔ ነኝ። ስትገባ ታወረች፣ አውጥተን ስትበርድ አየች። ደግሜ አስገባኋት። እኔን እሰሩኝ።»

ቁጣውን ጠበቅሁ። ሐኪሟ ግን ተመልሳ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ እስቲ እንደገና ይንገሩኝ» አለች በዝግታ። «ውሃው ሲያሞቃት ጠፋ፣ ስትቀዘቅዝ ተመለሰ? እርግጠኛ ነዎት?»

እርግጠኛ ነበሩ። ሐኪሟ ስልኳን አውጥታ አዲስ አበባ ላሉ አንድ የነርቭ ሐኪም ደወለች። ከዚያ በኋላ ቪታሚን የሚለውን ቃል ከአፏ አልሰማሁም። ኤም አር አይ ያስፈልጋል፣ ዛሬውኑ ትሄዳላችሁ አለችን።

ስለ መንገዱ የማውቀው የነገሩኝን ብቻ ነው። አምቡላንሱ ውስጥ አእምሮዬ ተምታታ። ግርማን በደላላችን ስም እየጠራሁ ስሰድበው ነበር አሉ። ሾፌሩን ደግሞ ስንዴህ እርጥብ ነው፣ በዚህ ዋጋ አልወስድም ብዬ ስከራከረው ነበር። አሁን ግርማ እያስመሰለ ሲያወራው ሰው ይስቃል፤ ያን ቀን ግን ሚስቱ ከፊቱ ተጋድማ ሳታውቀው የዋለችበት ሰው ነው።

ኤም አር አይ ማለት ጠባብ ዋሻ ውስጥ ተኝቶ አለመንቀሳቀስ ነው። ድምፁ ያስደነግጣል፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ ላደግሁት ለእኔ ግን ጥሩ ወፍጮ ሆኖ ድንጋዩ የተበላሸ መሰለኝ። መሀል ላይ አወጡኝና በደም ሥሬ ማቅለሚያ መድኃኒት ሰጥተው መልሰው አስገቡኝ። በማግሥቱም ከወገቤ በመርፌ ፈሳሽ ቀዱ። እሱን እምቢ ልል ነበር፤ ወገቡን የተወጋ ሰው ሽባ ይሆናል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ከዚያም አስቀድሜ ሽባ መሆኔን ሳስበው ፈረምኩ። አይዟችሁ፣ ከራስ ምታት በቀር ምንም አላመጣብኝም። ፈሳሹን የወሰዱት ማጅራት ገትር ወይም ሌላ ኢንፌክሽን አለመሆኑን ለማረጋገጥ ነበር።

የራሴን አእምሮ መጀመሪያ ያየሁት በግርማ አፍ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ረጋ ያሉ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው፤ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅለው በጣታቸው ሲያሳዩ እኔ ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ። ምን ይመስላል አልኩት ግርማን።

«ጥጥ» አለኝ። «ጥጥ የተበተነበት ይመስላል። በዚህም በዚያም።»

ያን ጊዜ ነው በእውነት የደነገጥሁት። እጄ ከዳችኝ፣ እግሬ ከዳኝ፣ ዓይኔም። ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ራሴ ውስጥ ጥጥ አለ ሲሉኝ ግን እጢ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለልጆቼ ማን እንደሚቀርላቸው ማሰብ ጀመርኩ።

ሐኪሙ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እጢ አይደለም አሉኝ። ስሙ አኪዩት ዲሴሚኔትድ ኢንሰፋሎማይላይትስ ነው፣ ባጭሩ ኤዴም ይሉታል። የነርቭ ክር ልክ እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን አለው፤ ማይሊን ይባላል። ጉንፋኑን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ መንገድ ስቶ ያን ሽፋን ማጥቃት ጀምሯል። ነጭ ነጩ የተቆጣው ቦታ ነው፤ በአእምሮ ግራና ቀኝ፣ በዓይን ነርቭ፣ በህብለ ሰረሰርም አለ። ሲቲ ስካን ይህን ብዙ ጊዜ አያሳይም። ማቅለሚያውን ደግሞ ቦታዎቹ ሁሉ መምጠጣቸው አንድ ሰሞን አብረው የተቀሰቀሱ መሆናቸውን ይጠቁማል፤ ይህ ለእኛ ደህና ምልክት ነው አሉ።

እቴቴ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ውሃውስ? አሉ።

ሐኪሙ ወደ እሳቸው ዞሩ። «ሽፋኑ የተላጠ ነርቭ ሙቀት አይችልም፤ ሲሞቅ መልእክት ማስተላለፍ ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀጥላል። ውሃው በሽታውን አላመጣም እናቴ። በሁለተኛው ቀን እግሯ ያልተመለሰው በሽታው በራሱ እየገፋ ስለነበር ነው። እርስዎ የተናገሩት ነገር ነው እዚህ ያደረሳት።»

እቴቴ አንገታቸውን ነቀነቁ። አላመኗቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቴን ቀና ብለው አያዩኝም ነበር።

ሕክምናው ሚታይልፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት በጉሉኮስ ቱቦ ለተከታታይ ቀናት መውሰድ ነበር፤ ቀጥሎ ለሳምንታት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ የሚሄድ ክኒን። ሐኪሙ አንድ ነገር ግን አልደበቁኝም። ይህ ሕመም አንዴ መጥቶ የሚያበቃ ሊሆን ይችላል፤ መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባለውና እየተመላለሰ የሚመጣው ሕመም መጀመሪያም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ዛሬ አይታወቅም። ከወራት በኋላ በሚነሣ ሁለተኛ ኤም አር አይ አዲስ ነጭ ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኖርኩት ያን ሁለተኛ ፊልም እየጠበቅሁ ነው።

መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጀመሪያ የተመለሰልኝ ቀለም ነው፤ አመድ ሆኖ የቆየው የእቴቴ ሻርፕ አንድ ጠዋት ከበሩ ሲገባ ቀይ ሆኖ ገባ፣ እኔም ሻርፕዎ ቀይ ነው ብዬ ስጮህ አስታማሚዎቹ ሁሉ አሁን ደግሞ ምን ሆነች ብለው ዞር አሉ። የእግሬ አውራ ጣት ተከተለ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ፣ ከዚያ በሰው ትከሻ ተደግፎ መቆም፣ ከዚያ በብረት ድጋፍ ኮሪደሩን መውጣትና መውረድ። መድኃኒቱ እንቅልፌን ወሰደው፣ በምትኩ የማይጠግብ ሆድ ሰጠኝ፣ ፊቴንም እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው። አሰላ ስመለስ እህል በረንዳ ያሉ ሰዎች ወፈርሽ፣ አዲስ አበባ ተስማምቶሻል ሲሉኝ ከደስታ ይሁን ከንዴት ሳላውቅ ሳቄን ለቀቅኩት።

እጄ ግን ዘገየች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ዕቃ ሩዝ ውስጥ ቀብራ ዓይኔን ጨፍኜ እንድፈልግ ታሠራኝ ነበር። ቤት ስገባ ሩዙን በስንዴ ቀየርኩት። ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ በየሳህኑ አስቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን እከትና እገምታለሁ፤ ባቄላውን ገብስ ብዬ ስሳሳት ልጆቼ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ከኦጎልቾ የሚመጣ አንድ ገበሬ ደግሞ ደጄ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ አሁን ነው እናንተን ነጋዴዎችን ማታለል እያለ ይቀልድብኛል።

እቴቴ አልሳቁም። ያገለግሉኝ ነበር፣ ያጥቡኝ፣ ያለብሱኝ ነበር፣ አንገታቸውን ደፍተው። ብርድ የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፋ። አንድ ቀን ግርማ ሲያስነጥስ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ሲዘጉ አየሁ።

ሁለተኛው ፊልም የደረሰ ዕለት እቴቴ አብሬሽ ካልሄድኩ አሉ። እዚያው ክፍል፣ እዚያው መብራት ፊት ተቀመጥን። አሁን አያለሁ። አሮጌው ፊልም ከአዲሱ ጎን ተሰቅሏል። ግርማ ያለው ጥጥ እውነትም ጥጥ ነበር፤ ያን ሁሉ ተሸክሜ ነው ስንዴ ስገዛ የነበረው። ሐኪሙ ከፊልሙ ወደ ፊልሙ ያያሉ።

«አዲስ የለም» አሉ። «አሮጌውም እየጠፋ ነው።»

ክትትሉ አያበቃም፣ አዲስ ምልክት ካየሽ በዚያው ቀን ነይ አሉኝ። ተስማማሁ። እቴቴን ስፈልጋቸው በሩን ይዘው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ።

ያቺን የአሰላዋን ወጣት ሐኪም ጮቤ ባስረግጣት ደስ ይለኛል፤ ሊቆጡበት የሚገባን ነገር በጸጥታ ስለሰማች። የነርቭ ሐኪሙንም አመሰግናለሁ፣ ያችን ፊቴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የረጨችብኝን የፍል ውሃ ሠራተኛም። እናንተ በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ ወይም ሰው የምታስታምሙ፣ ከእኔ የምትወስዱት ይህን ነው። ከጉንፋን ወይም ከትኩሳት በኋላ እጅ እግር ከደነዘዘ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ሽንት ከተቋረጠ፣ ሰው ከተምታታ አትጠብቁ። ሲቲው ንጹሕ ነው ሲባል ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፣ ጠይቁ። ጸበልም ሆነ ፍል ውሃ፣ ቅጠልም ሆነ ወጌሻ፣ ያደረጋችሁትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩ፤ እኛ በሐፍረት የደበቅነው ነገር ነበር መፍትሔው። ክኒኑንም ዳንኩ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሙቀት ዛሬም ያደክመኛል። በጋ ላይ ቆላ አልወርድም፣ ትኩስ ውሃ አልታጠብም። ክረምት ላይ፣ ጭላሎ ጉም ለብሶ ቤቱ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ፣ ውሃዬን የሚያዘጋጁልኝ እቴቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብርድን ሲሸሹ የኖሩት ሴት ለብ ያለው ላይ ቀዝቃዛ ይጨምራሉ፣ በክርናቸው ይለካሉ፣ አሁንም ይጨምራሉ። ባለፈው ቅዳሜ ሳፋውን አቀረቡልኝና ነይ፣ ቀዝቅዟል አሉኝ። ቀኝ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ።

«እቴቴ» አልኩ፣ «ኧረ ይሄ በረዶ ነው።»

ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ። የትኛዋ እጅሽ ናት ያወቀችው? አሉኝ።

ቀኟን ከውሃው አውጥቼ አሳየኋቸው።